የማይበጠስ ክር ምኑ ክር ነው?

ወገኖቼ፣ ዘንድሮ ደግሞ ክር መበጠስ ሊቀር ነው አሉ። የልጄ ልጅ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተምራ አንድ የፈትል ፋብሪካ ከገባች ወዲህ እቤታችን የሚወራው ይኸው ሆኗል። ድሮ ሰው ከሥራ ሲመለስ አለቃውን ያማ ነበር፤ እሷ ሴንሰር እያመሰገነች ትገባለች። «አባባ፣ አዲሱ ማሽን እኮ ክር ሲበጠስ ራሱ ያውቃል፣ ራሱ ሄዶ ይቀጥላል» አለችኝ አንድ እሁድ። «እናንተስ ምን ትሠራላችሁ?» አልኳት። «እንከታተላለን» አለች። እንከታተላለን! በእኛ ጊዜ ሲከታተል የሚውል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የበሩ ዘበኛ ነው።

እድሜዬን የፈጀሁት ሪንግ ክፍል ነው። በዘይት ቀቢነት ገብቼ፣ መካኒክ ሆኜ፣ ፎርማን ተብዬ ጡረታ ወጣሁ። ፋብሪካው የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ በጡረታዬ ሒሳብ ገና ያልተግባባንበት ነገር ስላለ ከወዲሁ ነገር አላበላሽም። ለእናንተ ለእኩዮቼ ማብራሪያ አያስፈልግም። የዛሬ ልጅ ግን ክር ከየት ይመጣል ብትሉት ከሱቅ ይላችኋል። አጠገባችሁ ስልኩን እየነካካ የተቀመጠ ወጣት ካለ ይስማ ብዬ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ሪንግ የሚባለው መኪና (እናንተ ማሽን በሉት፤ እኔ መኪና እያልኩ ኖሬ አሁን አፌን አላጣምም) ነገሩ ቀላል ነው። ከላይ ገና ያልከረረ ልል ጥጥ በጥቅል ይሰቀላል። ሮለሮቹ አንዱ ከሌላው እየፈጠነ ይስቡትና ያቀጥኑታል። ከታች እንዝርቱ ቆሞ ይሽከረከራል። እንዝርቱን ቀለበት ከቦታል፤ በቀለበቱ ጠርዝ ላይ ትራቨለር የምንላት፣ ከጥፍር የምታንስ ቆልማማ ብረት ትሮጣለች። ክሩ በእሷ ሥር አልፎ ቦቢኑ ላይ ይጠቀለላል። እሷ አንዴ ዞረች ማለት ክሩ አንዴ ከረረ ማለት ነው። በቃ፣ ጥበቡ ይኸው ነው። ጆን ቶርፕ የሚባል አሜሪካዊ የቀለበቱን ሐሳብ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው። ከዚያ ወዲህ ምን የሚሻሻል ነገር ተገኘበት? እኔ ምንም አላየሁም። እርግጥ እኔ ራሴ በጎኑ ያለው ቆርቆሮ እንዳይንቀጠቀጥ የጎማ ቁራጭ አስገብቼለታለሁ፣ የዘይት ማንጠባጠቢያውንም አቅጣጫ ቀይሬዋለሁ፤ ይህን ግን ማሻሻል አትሉትም፣ ማስተካከል ነው።

ክር ሲበጠስ ያ ነበር ሥራ። እንዝርቱን በመዳፍህ ታቆመዋለህ፤ ይሞቃል፣ አንዳንዴም ይፈጃል፣ ግን መዳፍ ለምን ተፈጠረ? የተበጠሰውን ጫፍ ከቦቢኑ ላይ በጥፍርህ ትፈልጋለህ። አንዳንዱ ጫፍ ሰምጦ ይደበቅብሃል፤ ያን ጊዜ ቦቢኑን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገህ በአውራ ጣትህ ስትዳብስ ታገኘዋለህ። በትራቨለሯ ሥር ታሾልከዋለህ፣ ከእሷ በላይ ባለችው ጠማማ ሽቦ ታሳልፈዋለህ፣ ከዚያ እንዝርቱን ትለቅና ጫፉን ከሮለሩ ለሚወጣው ጥጥ እንደ ጉርሻ ታቀርብለታለህ። ብትገፋው እንቢ ይላል፣ ብትዘገይ ጥጡ አምልጦ ሌላው ሮለር ላይ ይጠመጠማል። ጠቋሚ ጣትህን ነዘር ሲያደርግህ ያዘ ማለት ነው። አንዲት ባለሙያ ሠራተኛ ይህን ሁሉ እኔ አሁን ተናግሬ ሳልጨርስ ትጨርሰዋለች፤ ወሬዋንም አታቋርጥም። ወሬው በድምፅ አልነበረም፤ በዚያ ጩኸት መሀል ማን ሊሰማ? ከንፈር እያየን ነበር የምንግባባው። ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳር ሰው ሲታማ አንድ ቃል አይጠፋብንም።

ጩኸቱን ስንቱ ያማዋል፤ እኔ ግን እናፍቀዋለሁ። ከፋብሪካ ስንወጣም እየጮኽን ነበር የምናወራው፤ ድምፅ ነበረና። አሁን ይኸው ልጆቼ አጠገቤ ተቀምጠው ይንሾካሾካሉ። ምን አላችሁ ስላቸው ያንኑ ሹክሹክታ ይደግሙልኛል። ቴሌቪዥኑ እንኳ ድምፁ እየደከመ ሄደ፤ አዲስ ተገዛ፣ አዲሱም ያው ነው። የዘንድሮ እህል ኃይል የለውም መሰለኝ፣ ትውልዱ ከነቴሌቪዥኑ ጉሮሮው ደከመ።

ብናኙስ! የጥጥ ብናኝ ነጭ ነው፣ ንጹህ ነው፣ የአሁኑን የመንገድ አቧራ አይመስልም። ፀጉራችን ላይ ያርፋል፣ ቅንድባችን ላይ ያርፋል፣ ምሳችን ላይ ያርፋል። በሃያ ዓመታችን ሸብተን ነበር ከፋብሪካ የምንወጣው፤ አውቶቡስ ውስጥ ቦታ የሚለቁልን ለዚያ ነው። እርግጥ ሰኞ ሰኞ ደረታችንን ጭምቅ አድርጎ ይይዘን ነበር። ሰኞ ብቻ! ማክሰኞ ቀለል ይለናል፣ ረቡዕ ጨርሶ እንረሳዋለን። ልጅቷ ይህን ስነግራት ደነገጠችና ስልኳን ከፍታ አነበበችልኝ፤ ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ ሕመም ነው፣ የጥጥ ብናኝ ያመጣዋል፣ የሚብሰውም ከእረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው ይላል። ይኸው! እኔስ ምን አልኩ? የሚያሳምመን እረፍቱ ነበር። እሁድን ባያስለምዱን ኖሮ አንዳችንም አንታመምም። አሁን በእሷ ፋብሪካ ብናኙን ከየመኪናው ሥር የሚመጥ ቱቦ አለ፣ አየሩም ተጣርቶና በውሃ ታጥቦ ነው የሚገባው። እኔም ይኸው ጡረታ ወጥቼ፣ ንጹህ አየር ላይ ተቀምጬ፣ ሌት ተቀን እስላለሁ። ያልለመደውን ንጹህ አየር ሲያቀርቡለት ሳንባ ምን ያድርግ?

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዝርቷ ከእጇ ሳይለይ ነው ያለፈችው። ጥጡን ድንጋይ ላይ በመዳመጫ ብረት ከፍሬው ትለያለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ባዘቶውን አመልማሎ አድርጋ ትጠቀልላለች፣ ከዚያ መፍተል ነው። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሸት አድርጋ ስትለቀው፣ ግራ እጇ ወደ ላይ እየሸሸ፣ ክሩ ከጣቷ መሀል ሲወጣ አየዋለሁ አሁንም። ልቃቂቱ ሲሞላ ሌላ ይጀመራል፤ ለአንድ ጋቢ የሚሆን ማግ ወራት ይፈጃል። እኔ መጀመሪያ ፋብሪካ ስገባ አንድ ቦቢን ክር ይዤላት ሄድኩ። በሁለት ጣቷ ዳብሳ «ይሄ ነፍስ የለውም» አለች። እጅ ያልነካው ክር እንዴት አድርጎ ሰው ያሞቃል እያለች ክረምቱን ሙሉ ስታማርር ከረመች። ሽማግሌ እንዲህ ነው እንግዲህ፤ አዲስ ነገር አይሆንለትም። እኛ ወጣቶቹ እንስቅባት ነበር። ሸማኔዎቹ ግን ቶሎ ገባቸው፤ ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከእናቶች አድርገው ሥራቸውን ቀጠሉ። የእናቴ ማማረር የባለማወቅ ነው። የእኔ ሌላ ነው፤ እኔ የምናገረው የማውቀውን ነው።

ደግሞስ ያን ጊዜ መኪና ሲመጣ ክብር ነበረው። ድሬዳዋ ቀድማ ጀመረች፣ አቃቂ ተከተለች፣ የባሕር ዳሩ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ እ.ኤ.አ. በ1961 ተተከለ፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ኮምቦልቻና አዋሳ ተጨመሩ። ፋብሪካ ያለበት ከተማ በፋብሪካው ጡሩምባ ይነሳል፣ በጡሩምባው ምሳ ይበላል፤ የእጅ ሰዓት የሚያስረው ለጌጥ ብቻ ነው። መኪናው ከእግር እስከ ራሱ ብረት ነበር። አሁን ፕላስቲክ አልብሰውት መሀሉ ላይ የሚነካ መስታወት ለጥፈውበታል። ማርፈድ የሚባል ነገርም አናውቅም ነበር። የሌሊት ተረኛ ስሆን የጥጥ እስሩ ላይ ጋደም ብዬ እንኳ ጆሮዬ ክሩ ላይ ነበር፤ የጠዋቱ ጡሩምባ እስኪቀሰቅሰኝ ድረስ አንድም ነገር አያመልጠኝም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ያን እሁድ የመሻሻልን ታሪክ ልታስተምረኝ ተነሳች። እኔን! ቡናው ገና አቦል ላይ ስለነበረ ተነስቼ መሄድ አልቻልኩም። እንግሊዝ አገር ጄምስ ሃርግሪቭስ የሚባል ሸማኔ በ1760ዎቹ አንድ ሰው ስምንት እንዝርት ባንዴ የሚያሽከረክርበት መኪና ሠራ አለችኝ። ጎረቤቶቹ ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1768 ቤቱ ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሩለት። ጎረቤት ማለት ያኔ ነበር! አሁን እኮ አጥር የሚጋራህ ሰው ምን እንደሚሠራ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ቀጥሎ ሪቻርድ አርክራይት መጣ። ሙያው ፀጉር ቆራጭነትና ሰው ሠራሽ ፀጉር መነገድ ነበር። በ1769 የፈትል መኪና በስሙ አስመዘገበ፣ ክሮምፎርድ ላይ በውሃ የሚዞር ፋብሪካ ተከለ፣ ከበረ፣ ሰር ተባለ። ፀጉር ቆራጭ ክር ውስጥ ሲገባ ዝም ስላሉት ነው ይኸው ዛሬ ሁሉም የማያውቀው ሥራ ውስጥ ዘው የሚለው።

ሦስተኛውን ግን ወደድኩት። ሳሙኤል ክሮምፕተን ይባላል፤ የሁለቱን መኪና አዳቅሎ በ1779 አዲስ አወጣ፣ ስለተዳቀለም በቅሎ አሉት። ገንዘብ ሲያጥረው ቦልተን ከተማ ቲያትር ቤት ቫዮሊን እየተጫወተ ነበር መኪናውን የሠራው። ክሩ እንዲህ የቀጠነለት በምን ይሆን እያሉ ሰዎች በመስኮት ሊሰርቁት ይንጠላጠሉ ነበር። መብቱን የሚያስመዘግብበት ገንዘብ አጥቶ ምስጢሩን ለባለፋብሪካዎች ገለጠላቸው፤ እነሱ ሲከብሩበት ለእሱ የደረሰው ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። ፓርላማው አምስት ሺህ ፓውንድ ሲሰጠው ዓመተ ምሕረቱ 1812 ሆኗል። ከ1779 እስከ 1812! ለካስ የጡረታ ሒሳብ ማዘግየትም ከእንግሊዝ ነው የመጣው።

በረካው ሲቀርብ ቁጥር አመጣች። 100 ፓውንድ ጥጥ፣ በእኛ 45 ኪሎ ገደማ፣ ቀጭን ክር አድርጎ ለመጨረስ የድሮ የሕንድ ፈታይ በእጅ 50,000 ሰዓት ይፈጅበት ነበር። የክሮምፕተን በቅሎ ያን ወደ 2,000 ሰዓት አወረደችው። ሪቻርድ ሮበርትስ በ1825 ገደማ ራሷን ችላ የምትሄድ በቅሎ ሲያወጣ 135 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ 40 ሰዓት ደረሰ። ልጅቷ ይህን ስትናገር ፊቷ ይበራል። እኔ ሒሳብ አይጠፋኝም፤ ከ50,000 ላይ 40 ቀንሱ፣ 49,960 ሰዓት ተርፏል። በቀን ስምንት ሰዓት እየተፈተለ አንድ ቀን ሳይታረፍ ከ17 ዓመት በላይ ነው፤ ሚካኤልንና ማርያምን ለሚያከብር ሰው ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። እሺ፣ የት ገባ? ማን ዘንድ ነው የተቀመጠው? እኔ ጊዜ የተረፈው ሰው አላየሁም። ልጄን ብቅ በል ስለው ጊዜ የለኝም ይላል። ሚስቱም ጊዜ የላትም። ታክሲ ነጂው ጊዜ የለውም፣ ሐኪሙ ቀና ብሎ ሊያየኝ ጊዜ የለውም። እናቴ ያን ሁሉ በእጇ እየፈተለች ለቅሶ ትደርሳለች፣ ማኅበር ትጠጣለች፣ ለጎረቤት ድግስ ጠላ ትጠምቃለች፣ ከዚያም ተርፎ ከአባቴ ጋር ረጋ ብላ ትጣላ ነበር። ሃምሳ ሺህ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ይዛ!

ፍጥነቱስ ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ያቺ ትራቨለር በሰከንድ 40 ሜትር ገደማ መሮጥ ትችላለች፤ በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ካስሮጧት በፍትጊያው ግላ ትቃጠላለች፣ ለዚህ ነው እንዝርቱም በደቂቃ 25,000 ዙር አካባቢ ሲደርስ የሚገታው። በእኛ ጊዜ አሥር ሺህ ከዞረ እልል ነው። እንግዲህ ነገሩ ወሰን እንዳለው በብረት ተነግሯቸዋል። ሰው ግን አያርፍም፤ ትራቨለሯ ከተቃጠለች ትራቨለሯ ትቅር አሉ። ቼኮዝሎቫኮች እ.ኤ.አ. በ1967 ቢዲ 200 የሚባል ጉድ ገበያ ላይ አወጡ። ቀለበት የለው፣ ትራቨለር የለው። ጥጡን በጥርሳም ሮለር ቃጫ በቃጫ ይበታትነዋል፣ በአየር ይስበውና ሮተር የሚሉት ትንሽ ጽዋ ውስጥ ይጥለዋል፤ ጽዋው ሲሽከረከር ቃጫዎቹ ጥጉ ላይ ተደርድረው፣ ከርረው፣ ክር ሆነው ይወጣሉ። ያኔ ጽዋው በደቂቃ 30,000 ጊዜ ይዞር ነበር፣ ዛሬ ከ150,000 አልፏል። ይህም አልበቃ ብሎ የጃፓኑ ሙራታ ክሩን በአየር አዙሪት ብቻ የሚያከር መኪና አመጣ፤ በደቂቃ 500 ሜትር ክር ያወጣል። የእኛ ሪንግ በደቂቃ ሃያ ሜትር ገደማ አውጥቶ አገር አልብሷል! እኔ ከቤቴ ተነስቼ ታክሲ መያዣው እስክደርስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ እስከዚያ የሙራታ ክር አሥር ኪሎ ሜትር ሄዷል። ወዴት ነው እንዲህ የሚያጣድፈው? መጨረሻው ካልሲ ነው።

ጥራቱ ተሻሽሏል ይሉኛል። ልመስክር፣ ተሻሽሏል፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፣ አይወፍርም፣ አይቀጥንም፣ ጠባይ የለውም። ድሮ ክሩን ዳብሼ ማን ተረኛ እንደነበረ እናገር ነበር። ቋጠሮ እንኳ ቀርቷል! ቦቢኑ ወደ ኮን ሲገለበጥ ጉድለት ያለበትን ቦታ ዓይን የሚሉት ነገር አይቶ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፍ አፍታትቶ፣ በአየር ነፍቶ፣ ቃጫ ከቃጫ አቀላቅሎ አንድ ያደርጋቸዋል። መጋጠሚያውን በጣቴ ፈልጌ አጣሁት። እኔ ቋጠሮ ላይ ስም የነበረኝ ሰው ነኝ፤ የቋጠርኩት ሽመና ክፍል ገብቶ፣ ጨርቅ ሆኖ፣ ተሰፍቶ፣ ሰው ለብሶት፣ ከሰውየው ጋር ያረጃል።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሙ። በሮተር የተሠራው የጂንስ ክር እኩል በኩል ሲሆንባቸው ፈረንጆቹ ሰለቹት። የድሮው ጂንስ ወፍራም ቀጭን እያለ የሚታየው ያምር ነበር አሉ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተሰብስበው በሪንጉ ሮለር ላይ አንድ መሣሪያ ገጠሙ፤ ሥራው በየመሀሉ ሮለሩን ፈጠን፣ ቀስ እያደረገ ክሩን ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። ኮምፒውተር የት የት ላይ እንደሚያበላሸው ይነግረዋል። ያም ክር ከደህናው ይበልጥ ይሸጣል። እኔን ደሞዝ ያስቆረጠኝ፣ ሱፐርቫይዘሩ አፍንጫዬ ሥር እየደቀነ ያሳፈረኝ ወፍራም ቀጭን ክር! ልጅቷን ጠራሁና ይህ ከሆነ ሒሳቤን ይመልሱልኝ አልኳት። ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም፤ ማመልከቻውን ጽፌያለሁ።

ሮቦት ደግሞ አለላችሁ። የስዊዙ ሪተር፣ ከ1795 ጀምሮ የኖረ ቤት፣ ሽማግሌ ነው ሲሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ባርሴሎና ላይ በሪንጉ ጎን እየተመላለሰ የተበጠሰ ክር የሚቀጥል ሮቦት አሳየ። በየእንዝርቱ ያለው ሴንሰር የቱ እንደተበጠሰ ይነግረዋል፤ ከ1,800 በላይ እንዝርት ያለው መኪና አለ ዛሬ። ቪዲዮውን ልጅቷ አሳየችኝ። እኔ ስልክ አልወድም፤ የሰውን ዓይንና አንገት ያበላሸ ነገር ነው። እሷ ከተኛች በኋላ ግን ያን ነገር እንደገና ማየት ነበረብኝ፤ ጫፉን በትራቨለሯ ሥር ሲያሾልክ አያያዙን በደንብ አላየሁትም ነበርና። ደጋግሜ አየሁት። ጠዋት የቤቱን ዳታ ማን ጨረሰው ተብሎ ትርምስ ሆነ፤ ልጆች ናቸው አልኩ። አሾላለኩ መጥፎ አይደለም። ችኮላ ግን ይታይበታል።

ለአንድ ክር መበጠስ መብራት ይበራል፣ መልእክት ይላካል። በእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ለማን እንደሚነገር እስካሁን የሚያውቅ የለም። ድሮ መብራት መጥፋት እንኳ ወግ ነበረው። አዳራሹ ጸጥ ሲል ሴቶቹ ዘፈን ያነሳሉ፣ አንዱ ቆሎ ያወጣል፣ እርስ በርስ እንተያያለን። መብራቱ ሲመጣ በየመኪናው ላይ ያለው ክር እንዳለ ተበጥሶ ይጠብቀናል። ያን ሁሉ አንድ በአንድ ስንቀጥል ቀኑ ያልቃል፣ ሱፐርቫይዘሩ ይሳደባል፣ ጣታችን ይቆስላል። እንዴት ያለ ደስታ ነበር!

ልብስን ካነሳን ደግሞ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ያየሁትን አልደብቃችሁም። ጥለቱ በእጅ የተጠለፈ መስሎኝ ጠጋ ብዬ ስዳብሰው ታትሞበታል። ታትሞ! እንደ ጋዜጣ! ክሩም ጥጥ አይደለም፣ ፖሊስተር ነው። ለሴትየዋ ፖሊስተር ልብስ አይባልም፣ ላብ አይጠጣም፣ ከሰው ገላ ጋር አይስማማም ብዬ አንድ በአንድ አስረዳኋት። በእኛ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ገላችንን አልነካውም። የለበስኩትን ሱሪ ተመልከቺ አልኳት፤ ቴትሮን ነው፣ በወጣትነቴ ያሰፋሁት፣ እስከዛሬ የካውያው እጥፋት አልለቀቀውም፣ ቢያጥቡት ወዲያው ይደርቃል። እንዲህ ያለ ጥጥ አሁን ከየት ይመጣል? ሴትየዋ ሱሪውን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም አላለችም። እፍረት ይዟት ነው።

ልጅቷ አሁን የመጣችበት ሐሳብ ደግሞ ፋብሪካቸውን መጥቼ እንድጎበኝ ነው። አለቃዎቿን አስፈቅዳለች፤ የድሮ ባለሙያ ነው፣ ይመልከትልን ብለዋል አለች። አልሄድም አልኳት። ሰው የሌለበት አዳራሽ ምን ላይ ነው ዓይኔን የምጥለው? ማነው የከንፈር ወሬ የሚያወራኝ? ደግሞም ጆሮ መድፈኛ ያስደርጋሉ ብላኛለች፤ ጤነኛ ጆሮዬን ለምን እደፍናለሁ? ጨርሶ አልሄድም። የሚኬደው ማክሰኞ ነው፤ መኪናው የሚነሳው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ስላለችኝ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ እንድትቀሰቅሰኝ፣ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር እንድታስይዝልኝ፣ ቴትሮኑንም ሰኞ ማታ እንድትተኩስልኝ ነግሬያታለሁ። አንድ የድሮ ትራቨለር በክብሪት ቀፎ ውስጥ አለኝ፤ እሱን እይዛለሁ። ለዚያ ሮቦት አሾላለኩን ቀስ ብዬ ላሳየው ነው። በቀኝ በኩል ነው የሚገባው፣ እሱ በግራ ነው የሚጀምረው፤ አይቼዋለሁ።